የእጅ ሰዓትን በገዛ እጅ ስለ መገጣጠም

ልጆች ሆይ፥ የእጅ ሰዓት በሰው ክንድ ላይ ታስሮ ሲታይ አንድ ወጥ ዕቃ ይመስላል። ሲፈታ ግን አንድ አይደለም። ቀፎው ለብቻው ነው፤ መስተዋቱም ለብቻው ነው። ቍጥር የተጻፈበት ገጽ፥ ሦስቱ ጠቋሚዎች፥ በውስጥ የሚሠራው ማሽን፥ በጐን ያለችው መሙያ፥ ቆዳ ወይም ብረት የሆነው ማሰሪያ፥ እያንዳንዱ በየራሱ የተሠራ ነው። ፋብሪካው እነዚህን ሰብስቦ ይገጥማቸዋል፤ እኛም ገዝተን እናስረዋለን።

በዚህ ዘመን ግን በብዙ አገር ያሉ ሰዎች ይህን የመጨረሻውን ሥራ ከፋብሪካው ወስደው በገዛ ጠረጴዛቸው ላይ ይሠሩታል። ሙያቸው ሌላ ነው፤ አንዱ አስተማሪ፥ አንዱ ሾፌር፥ አንዷም ሐኪም ልትሆን ትችላለች። ማታ ሥራቸውን ከጨረሱ በኋላ መብራት አብርተው ይቀመጡና የአንዱን ሰዓት ገጽ አውጥተው ሌላ ገጽ ያገቡበታል፤ ወይም ክፍሎቹን ከየስፍራው ገዝተው ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አንድ ሰዓት ይገጣጥማሉ። ይህን የሚያደርጉት ለእንጀራ ብለው አይደለም፤ በክንዳቸው ላይ ያለውን ነገር ማወቅ ስለሚወዱ ነው።

ለዚህ ሥራ ብዙዎች የሚመርጡት የጃፓኑን የሴይኮን ሰዓት ነው። ሃቶሪ ኪንታሮ የሚባል ሰው እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ1881 በቶክዮ ከተማ የሰዓት ሱቅ ከፈተ፤ በ1892ም ሴይኮሻ የተባለውን ፋብሪካ አቋቋመ። በ1913 ከዚያ ፋብሪካ ሎሬል የተባለው የጃፓን የመጀመሪያው የእጅ ሰዓት ወጣ። ከብዙ ዘመን በኋላ፥ በ1996፥ ውኃ ውስጥ ለሚጠልቁ ሰዎች የተሠራ ኤስ ኬ ኤክስ 007 የተባለ ሰዓት ተሸጠ። ዋጋው ብዙ አልነበረም፤ ጥንካሬው ግን ብዙ ነበር። ስለዚህ ሰዎች ሳይፈሩ እየፈቱ ይለማመዱበት ጀመር። ፋብሪካው በ2019 መሥራቱን ቢያቆምም ለእርሱ ልክ የሚሆኑ ቀፎዎች፥ ገጾችና ጠቋሚዎች እስከ ዛሬ ይሸጣሉ። ዛሬ ጀማሪዎች የሚገዙት ማሽን ደግሞ ያው የሴይኮ ሥራ ሲሆን ስሙ ኤን ኤች 35 ነው።

ይህ ማሽን ባትሪ የለውም። በውስጡ እንደ ጥብጣብ የተጠቀለለ የብረት ሞላ አለ። መሙያውን ስትጠመዝዙ ሞላው ይጠብቃል፤ ሊፈታ ሲፈልግም ጥርስ ያላቸውን መንኰራኵሮች ይገፋል። በአንድ ጊዜ ተፈትቶ እንዳያልቅ የምትከለክለው ወዲያና ወዲህ የምትወዛወዝ ትንሽ መንኰራኵር ናት፤ እርስዋም እንደ ጠጕር የቀጠነች የራስዋ ሞላ አላት። በየሰኮንዱ 6 ጊዜ ትመታለች፤ ይህም በአንድ ሰዓት 21,600 ምት ይሆናል። በእያንዳንዱ ምት የዋናው ሞላ ኀይል በጥቂቱ ይለቀቃል፤ ከዚያ በቀር አይለቀቅም። በማሽኑ ውስጥ 24 ሰው ሠራሽ ዕንቍዎች ተተክለዋል፤ ይህ ለጌጥ ሳይሆን ብረት ከብረት ጋር ሲፋተግ እንዳይበላ ነው። ከበስተ ኋላው ደግሞ ግማሽ ክብ የሆነ ከባድ ብረት አለ፤ ክንዳችሁን ስታንቀሳቅሱ እርሱ እየዞረ ሞላውን ይሞላዋል። ሰዓቱ ሞልቶ ቢቀመጥ 41 ሰዓት ያህል ይሠራል።

ፋብሪካው ራሱ እንደሚናገረው ይህ ማሽን በቀን እስከ 40 ሰኮንድ ሊቀድም ወይም እስከ 20 ሰኮንድ ሊዘገይ ይችላል። ባትሪ ያለው ርካሽ ሰዓት ከእርሱ ይልቅ ትክክል ነው። ይህን ሳያውቅ ገንዘቡን የሚያወጣ ሰው ኋላ ያዝናልና አስቀድሞ ሊነገረው ይገባል።

እንግዲህ አንድ ወጣት ሰዓት ሊገጣጥም ወደደ እንበል። የመጀመሪያ ሥራው መግዛት ሳይሆን መለካት ነው። በኤን ኤች 35 ላይ የሰዓት ጠቋሚው ቀዳዳ 1.5 ሚሊ ሜትር፥ የደቂቃው 0.9 ሚሊ ሜትር፥ የሰኮንዱ 0.2 ሚሊ ሜትር ነው። በማስመሪያችሁ ላይ አንድ ሚሊ ሜትር ተመልከቱና ያን ለአምስት ክፈሉት፤ የሰኮንዱ ጠቋሚ የሚተከልባት ዘንግ ያን ታህላለች። የሌላ ማሽን ጠቋሚ ቢያምር እንኳ በዚህ ላይ አይገባም፤ ቢገባም አይጸናም።

ገጹም እንዲሁ ነው። ከጀርባው ሁለት ቀጫጭን እግሮች አሉት፤ እግሮቹ በማሽኑ ላይ ባሉት ቀዳዳዎች ይገባሉ። የአንዳንዱ ሰዓት መሙያ በ3 ቍጥር አንጻር፥ የአንዳንዱ ደግሞ በ4 አጠገብ ነው፤ ኤስ ኬ ኤክስ 007 ከኋለኞቹ ወገን ነው። ለአንደኛው የተሠራ ገጽ በሁለተኛው ቀፎ ቢገባ ቍጥሮቹ ያጋድላሉ። አንዳንዶች እግሮቹን ቈርጠው ገጹን በሙጫ ያጣብቁታል። የሚቻል ነገር ነው፤ እኔ ግን አልወደውም፤ ሙጫ በሙቀት ይለቃልና።

መሣሪያው ብዙ አይደለም፦ ጫፉ የሾለ ወረንጦ፥ ትንሽ ካቻቪቴ፥ አጉሊ መነጽር፥ የኋላውን ክዳን የሚፈታ መፍቻ፥ ጠቋሚ የሚነቀልበትና የሚተከልበት መሣሪያ፥ አቧራን የሚነፋ የጎማ ፊኛ። ከሁሉ የሚበልጠው ንጹሕ ጠረጴዛ ነው። በመስተዋቱ ሥር የቀረች አንዲት የአቧራ ቅንጣት ሰዓቱ ከተዘጋ በኋላ እንደ ጠጠር ትታያለች። በእጅም ገጹን መንካት አይገባም፤ የጣት ወዝ ቀለሙን ያበላሻል። ስለዚህ ሠራተኛው በጣቶቹ ላይ ቀጭን የጎማ ሽፋን ያደርጋል።

ክዳኑ ከተከፈተ በኋላ በዘንጉ አጠገብ ያለችውን ትንሽ ነጥብ በቀስታ ተጭኖ መሙያውን ከነዘንጉ ያወጣል። በኀይል የተጫነ እንደ ሆነ በውስጥ ያለው መያዣ ከስፍራው ይወጣና ዘንጉ ሁለተኛ አይያዝም። ከዚያ ማሽኑ ይወጣል፤ ዘንጉም ለጊዜው ወደ ማሽኑ ይመለሳል፤ ጠቋሚዎቹን ለማዞር ያስፈልጋልና።

ከሥራው ሁሉ አስጨናቂው ጠቋሚዎቹን መትከል ነው። አስቀድሞ የሰዓቱ፥ ቀጥሎ የደቂቃው፥ በመጨረሻም የሰኮንዱ ይተከላል። ሦስቱ አንዱ ባንዱ ላይ ሲያልፉ ሊነካኩ አይገባም። በመካከላቸው ያለው ክፍተት እጅግ ጠባብ ነው፤ ስለዚህ ሠራተኛው ሰዓቱን በዓይኑ ትይዩ ከጐን እየያዘ ያያል። የደቂቃው ጠቋሚ ከጨረፈው ሰዓቱ ይቆማል። የሰኮንዱ ጠቋሚ ደግሞ ቀዳዳው ዘንጉን እስኪያገኝ ድረስ ይንሸራተታል፤ ብዙ ጀማሪዎች በዚህ ስፍራ ትዕግሥታቸው አልቆ ይጫኑታል፤ ያን ጊዜ ቀጭኑ ዘንግ ይጎብጣል። እጅ ሲንቀጠቀጥ ተነሥቶ ውኃ ጠጥቶ መመለስ ይሻላል። ጠቋሚው ሌሊቱን ቢያድር ምንም አይሆንም።

አሁን አንድ ነገር ልብ አድርጉ፤ ለእኛ ለኢትዮጵያውያን የሚጠቅም ነውና። ቀን የሚያሳይ መስኮት ያለው ሰዓት ከፋብሪካ ሲወጣ ቀኑን የሚለውጠው ጠቋሚዎቹ 12 ላይ ሲገናኙ ነው። ለውጭ አገር ሰው ይህ እኩለ ሌሊት ነው። እኛ ግን እኩለ ሌሊትን ከሌሊቱ 6 ሰዓት እንለዋለን። በጥንት ዘመን የቤተ ክህነት ተማሪዎች የጥላቸውን ጫማ እየለኩ ሰዓት ሲቈጥሩ መነሻቸው የፀሐይ መውጣት ነበረች፤ እኛም እስከ ዛሬ ከጧት እንጀምራለን። ስለዚህ የፋብሪካውን ሰዓት በእኛ አቈጣጠር ብናደርገው ቀኑ ወይ ከምሽቱ 12፥ ወይ ከጧቱ 12 ሰዓት ይለወጣል። ቀን ሲነጋ ቢለወጥለት ደስ የሚለው ሰው ጧቱን መርጦ መተው ይችላል። በእኩለ ሌሊት እንዲለወጥ የሚፈልግ ግን ከሱቅ የገዛው ሰዓት አይታዘዝለትም።

ለሚገጣጥም ሰው ይህ ቀላል ነው። ጠቋሚዎቹን ሳይተክል ዘንጉን እያዞረ በቀን መስኮቱ ላይ ዓይኑን ያደርጋል። ቀኑ ተለውጦ ባበቃበት ቅጽበት ማዞሩን ያቆማል። ፋብሪካው በዚህ ጊዜ የሰዓቱን ጠቋሚ በ12 ላይ ይተክላል፤ እርሱ ግን በ6 ላይ ይተክለዋል፤ የደቂቃውን በ12 ላይ ያደርጋል። ጠቋሚው በዘንጉ ላይ ተጣብቆ እንጂ በጥርስ ተይዞ የሚቀመጥ አይደለምና የትም ቢተከል ማሽኑ አይከለክልም። ከዚህ በኋላ ሰዓቱ ከሌሊቱ 6 ሰዓት ቀኑን ይለውጣል። ከቀትሩ 6 ሰዓት ቢለውጥ ደግሞ ጠቋሚዎቹን በመሙያው 12 ሰዓት ወደ ፊት ማዞር ይበቃል። ብቻ ከምሽቱ 3 ሰዓት እስከ ሌሊቱ 10 ሰዓት ቀኑን በመሙያው በፍጥነት መለወጥ አይገባም፤ ያን ጊዜ የቀኑ ጥርስ ተያይዞ ሥራ ላይ ነውና ሊሰበር ይችላል።

የወሩ ነገር ግን በዚህ አይፈታም። በማሽኑ ያለው የቀን ክብ እስከ 31 ይቈጥራል፤ የእኛ ወር 30 ነው። ስለዚህ በየወሩ መጨረሻ 31ን በእጅ ማሳለፍ ያስፈልጋል። ጳጕሜን 5 ባለቀች ጊዜ ደግሞ መስኮቱ 6 ያሳያል፤ መስከረም 1ን ለማምጣት ስንት ጊዜ መግፋት ያስፈልጋል? ቍጠሩት፤ 26 ይሆናል። ይህ ያሰለቸው ሰው ቀን የሌለውን ኤን ኤች 38 የተባለውን ማሽን ይገዛል፤ መስኮት የሌለውንም ገጽ ይመርጣል። በግዕዝ አኃዝ ከ፩ እስከ ፲፪ የተጻፈ ገጽ ማሠራትም ይቻላል። ነገር ግን የግዕዝ አኃዝ ከላይና ከታች ሰረዝ ስላለው ቍጥሩ እጅግ ካነሰ ፮ እና ፯ በዓይን አይለዩም፤ ለአሳታሚው ከፍ አድርጎ እንዲጽፈው መንገር ይገባል።

ማሽኑ ወደ ቀፎው ሲገባ የአዲሱ መሙያ ዘንግ ብዙ ጊዜ ይረዝማል። በፒንሳ ጥቂት ይቈረጣል፥ ጫፉ በሞረድ ይለሰልሳል፥ ገብቶ ይለካል፤ እንደገና ወጥቶ ጥቂት ይቈረጣል። ረዥሙን ማሳጠር ይቻላል፤ ያጠረውን ግን የሚያስረዝም የለም። የጎማ ቀለበቶቹ ለጎማ የተዘጋጀ ቅባት ተቀብተው ይመለሳሉ። ኤስ ኬ ኤክስ 007 ከፋብሪካ ሲወጣ እስከ 200 ሜትር ውኃ ይችል ነበር፤ አንድ ጊዜ ከተከፈተ በኋላ ግን በግፊት መሣሪያ ሳይፈተን ያን ይችላል ማለት አይገባም።

አሮጌ ሰዓት ለመክፈት ለሚፈልጉም አንድ ማስጠንቀቂያ አለ። በቀድሞ ዘመን ቍጥሮቹ በጨለማ እንዲያበሩ ራዲየም የተባለ ነገር ይቀቡ ነበር። በአሜሪካ ከ1917 ጀምሮ ይህን የሚቀቡ ወጣት ሴቶች ብሩሹን በከንፈራቸው ያሾሉት ነበር፤ ብዙዎቹ መንጋጋቸው እየበሰበሰ ታመሙ፥ የሞቱም አሉ። አምስት ሴቶች ከስሰው በ1928 ካሳ ተከፈላቸው። የራዲየም ኀይል በግማሽ የሚቀንሰው በ1,600 ዓመት ነው። ስለዚህ የአያት ሰዓት ዛሬ ማብራቱን ቢያቆምም ጎጂነቱ አልቆመም፤ ልጅ ሊከፍተው አይገባም። በ1993 በጃፓን የወጣው አዲሱ ቀለም ግን ይህ ጉዳት የለበትም፤ በቀን ብርሃን ጠጥቶ በሌሊት ይመልሳል።

ወደ ወጣታችን እንመለስ። ሰዓቱ ተዘጋ፤ አማረም። አንድ የጐረቤት ነጋዴ አይቶት እንዲህ አለው እንበል፦

«ልጄ፥ ይህን ሰዓት ለእኔ ሽጥልኝ። የሴይኮ ነውን?»

«ጋሼ፥ ማሽኑ የሴይኮ ነው። ቀፎውን ሌላ ፋብሪካ ሠራው፤ ገጹም የሌላ ነው፤ የገጠምሁት እኔ ነኝ።»

«ታዲያ ስሙን በገጹ ላይ ለምን አታደርግበትም? ስም ያለበት ገጽ በጥቂት ብር ይገኛል። እኔም ዋጋውን እጥፍ አድርጌ እከፍልሃለሁ።»

«ሴይኮ ያልገጠመውን ሴይኮ ገጠመው እንዳልል ነው፥ ጋሼ።»

«ማን ያውቅብሃል?»

ነጋዴው የተናገረው ውሸት አይደለም። የታላላቅ ሰዓት ሠሪዎች ስም የታተመባቸው ገጾች በርካሽ ይሸጣሉ፤ ክዳኑ ካልተከፈተ ከእውነተኛው የሚለያቸው ጥቂት ሰው ነው። አንድ ሰው ለራሱ ክንድ ብሎ የሰዓቱን መልክ ቢለውጥ ማንንም አልበደለም። ሰዓቱ ወደ ሌላ እጅ ሲያልፍ ግን በገጹ ላይ ያለው ስም ቃል ነው። ገዢው ያን ስም አምኖ በሰዓቱ ይዋኛል፤ ውኃ ይገባበታል። ወደ ኩባንያው ጠጋኝ ይወስደዋል፤ እርሱም ከፍቶ አይቶ ይህ የእኛ ሥራ አይደለም፥ ዋስትናም የለውም ብሎ ይመልሰዋል። ኪሳራው የገዢው ነው፤ ስሙ የጠፋውም ምንም ያላደረገው ፋብሪካ ነው። ሁለት ሰው ተበድሎ አንድ ሰው ያተርፋል።

ስለዚህ ከእነዚህ ሠራተኞች መካከል የተሻሉት ስም የሌለው ባዶ ገጽ ይመርጣሉ፤ ወይም የራሳቸውን ምልክት ያደርጉበታል። የሚሸጡም ከሆነ ማሽኑ ምን እንደ ሆነ፥ ቀፎውና ገጹ ከየት እንደ መጡ፥ በውኃ ተፈትኖ እንደ ሆነና እንዳልሆነ በወረቀት ጽፈው ለገዢው ይሰጡታል። ወጣቱም ለነጋዴው እንዲህ ያለ ወረቀት ሊጽፍለት ይችላል። ነጋዴው በዚያ ዋጋ አልፈልግም ቢል ሰዓቱ በወጣቱ ክንድ ላይ ይቀራል፤ እጥፍ የተባለውም ገንዘብ ይቀራል። ይህ ለድኻ ቀላል ነገር አይደለም።

ከዚህ በኋላ የቀረው ሰዓቱን ማረም ነው። በየቀኑ በአንድ ሰዓት ላይ ከስልክ ወይም ከራዲዮ ጋር እያስተያዩ ስንት ሰኮንድ እንደ ቀደመ ወይም እንደ ዘገየ በደብተር መጻፍ ይገባል። ሰዓቱ በጀርባው ሲተኛና በጐኑ ሲቆም አካሄዱ አንድ ላይሆን ይችላልና ሁለቱንም መመዝገብ መልካም ነው። በሚዛንዋ መንኰራኵር አጠገብ ያለችው ትንሽ ክንድ የጠጕር ያህል ብትገፋ አካሄዱ ይለወጣል፤ ከዚያ በላይ መግፋት አያስፈልግም። በድንገት እጅግ ቢቀድም ደግሞ በድምፅ ማጉያ አጠገብ ተቀምጦ ማግኔት ይዞት እንደ ሆነ መጠየቅ ነው።

ከጥቂት ዓመታት በኋላ በማሽኑ ውስጥ ያለው ዘይት ይደርቃል። ያን ጊዜ ማሽኑን ፈትቶ የሚያጥብ የሰዓት ባለሙያ ያስፈልጋል፤ ወይም የኤን ኤች 35 ዋጋ ብዙ ስላልሆነ አሮጌው ወጥቶ አዲስ ይገባል። አዲስ የገባ እንደ ሆነ ጠቋሚዎቹ ይነቀላሉ፤ ዘንጉም ቀኑ እስኪለወጥ ድረስ ይዞራል፤ የሰዓቱ ጠቋሚም እንደገና በ6 ላይ ይተከላል።